ከቤንዚን ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር፦ ባትሪውን ጠይቁ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባሕር ዳር ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ፍጥነቱን ነው፤ ባትሪውን ቢጠይቅ ይሻለው ነበር። 72 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ የሚይዘው ኃይል 72 በ20 ሲባዛ 1,440 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 1.44 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በኪሎሜትር 30 ዋት ሰዓት ቢበላ 48 ኪሎሜትር ያስኬዳል። ጢስ ዓባይ ደርሶ መልስ 60 ገደማ ነውና መንገድ ላይ ያስቀራል። የቤዛዊትን ዳገት ሰው አፈናጦ ለሚወጣማ ከዚያም ቶሎ ያልቃል።

የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ባለ 12 ቮልት ስድስት ባትሪዎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው፤ አንዱ ሲደክም ሁሉንም ይጎትታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው በቮልት መለኪያ ለኩ። ባዶውን ማሳደርም ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሊቲየም ባትሪን በእርሳስ ባትሪ ቻርጀር መሙላት ግን እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ከባሕር ዳር የሞተር ሳይክል ጠጋኞች