ግልጽ ደብዳቤ፦ ዘይት የጠጣውን የጋራዥ አፈር እንጠበው

ለአዳማ ከተማ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና አዳማ ላይ ይጠገናል፣ ዘይት ይቀይራል። ብዙ ወጣት እንጀራውን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ጋራዦቹ ይዘጉ አልልም። ግን የተቃጠለው ዘይት መሬት ላይ ሲፈስ አፈሩ ይጠቁራል፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳል። ከአዋሽ ለምትጠጣ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መላ አለው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች እንደ ሳሙና የሚሠራ ነገር ያመርታሉ። ባዮሰርፋክታንት ይባላል። አንዱ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ዘይትን ይይዛል። ስለዚህ ከአፈሩ ጋር የተጣበቀው ዘይት ይላቀቃል። ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለው ባክቴሪያ የሚሠራው ሰርፋክቲን የውሃን የገጽታ ውጥረት፣ ማለትም የውሃውን ገጽ እንደ ቀጭን ቆዳ ወጥሮ የሚይዘውን ኃይል፣ ከ72 ወደ 27 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ያወርዳል። ለዚያውም በጣም ጥቂቱ ይበቃል። የነዳጅ ኩባንያዎች ዓለት ውስጥ የቀረ ድፍድፍ ነዳጅ ለማውጣት ባዮሰርፋክታንትን የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። ኩዌት ውስጥ የነዳጅ ማከማቻ ታንክ ዝቃጭ በዚህ መንገድ ታጥቦ፣ ከዘይቱ 90 በመቶ ያህሉ መመለሱ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ጥናት ተጽፏል።

ችግሩ ዋጋው ነው፤ ከኬሚካል ሳሙና ይወደዳል። ግን ባክቴሪያው ስኳር ይበላል፣ ስኳር ሲመረት የሚተርፈው ወፍራም ፈሳሽ፣ ሞላሰስም፣ ይበቃዋል። ሞላሰስ ደግሞ ወንጂ አለልን! አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ነው። ከዚህ የተመቸ ከተማ ከየት ይመጣል?

ሁለት ነገር ግን አደራ እላለሁ። ራምኖሊፒድ የተባለውን ሌላ ባዮሰርፋክታንት የሚያመርተው ሲዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለ ባክቴሪያ በሽታ የመከላከል አቅሙ ያነሰውን ሰው በኢንፌክሽን ሊያጠቃ ስለሚችል፣ በባሲለስ ይጀመር። ሌላው፣ ሳሙናው ዘይቱን ያላቅቃል እንጂ አያጠፋውም። በተቃጠለ ዘይት ውስጥ ያለው እርሳስና ዚንክም የትም አይሄድም። አፈሩ ሜዳ ላይ ከታጠበ ያንኑ መርዝ ወደ ወንዝ መግፋት ነው። እጥበቱ ሲሚንቶ በተደረገበት፣ ውሃው በሚጠራቀምበት ገንዳ ይሁን። የተንሳፈፈው ዘይት ተቀድቶ ለብቻው ይቀመጥ።

የምጠይቅዎት ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። ፈቃደኛ የሆነ አንድ ጋራዥ ይመረጥ። ለገንዳው ትንሽ ቦታና ፈቃድ ይሰጥ። ዩኒቨርሲቲው አፈሩን ከመታጠቡ በፊትና በኋላ እንዲለካ ደብዳቤ ይጻፍለት። ውጤቱም፣ ቢሳካም ባይሳካም፣ ለነዋሪው ይነገር። ሥራው ከክረምቱ በፊት ቢጀመር ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአዳማ ነዋሪ