ርካሹን የስፒከር ሽቦ ለምን አቆምን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳ፣ በአንኮበርና በአካባቢው ለምትገኙ የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ካላችሁበት ይድረሳችሁ።

ከጥር ወር ወዲህ ርካሹን የስፒከር ሽቦ በሜትር እየቆረጥን መሸጥ አቁመናል። አሁን ሱቃችን ውስጥ ያለው ንጹሕ የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው። ዋጋው ከድሮው እጥፍ ገደማ ነው። በዚህ ብዙዎቻችሁ ቅር ተሰኝታችኋል። ፊት ለፊት የነገራችሁን አላችሁ፤ እናመሰግናለን፣ ከደንበኛ የምንፈልገው እሱን ነው። ዝም ብላችሁ የወጣችሁም አላችሁ። «ከአሁን በኋላ ሀብታም ብቻ ነው የሚፈልገው»፣ «የድሮ ሰውን ረሳ» የሚለው ወሬ ግን ዞሮ ዞሮ እኛው ጆሮ ደርሷል። እሱ አሞናል።

ከሩቅ መጥታችሁ ባዶ እጃችሁን ለተመለሳችሁ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አንቀይርም። ለምን እንደማንቀይር ጊዜ ወስዳችሁ እንድታነቡልን እንለምናችኋለን።

የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ይህ ሱቅ ሲከፈት ሙዚቃ ቤት ነበር። ካሴት እንሸጥ ነበር። ባዶ ካሴት ይዞ ለሚመጣም የመረጠውን እንቀዳ ነበር። ለበዓል ሰሞን አዲስ ሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ያለው ስፒከር ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ ፍላሽ፣ ቀጥሎ ስልክ። የካሴት ነገር አበቃ። አብረውን የጀመሩት ሙዚቃ ቤቶች ግማሾቹ ዘጉ፣ ግማሾቹ ስልክ ቤት ሆኑ። እኔ ግን ድምፅን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። ሰው የተበላሸ ዴክና አምፕሊፋየር ይዞ ሲመጣ መበየድ ተማርኩ። ስፒከር መጠገን፣ ገመድ መሥራት፣ ቤት ድረስ ሄዶ መግጠም ተጨመረ። ያን ጊዜ በሩን ሳንዘጋ የቆየነው እናንተ ስለመጣችሁ ነው። ይህን አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም። ረሳ የተባለው ያንገበገበኝም ለዚህ ነው።

ወደ ሽቦው ልምጣ። ያ ርካሽ ሽቦ መዳብ ይመስላል እንጂ መዳብ አይደለም። ውስጡ አሉሚኒየም ነው፤ ላዩ ላይ መዳብ በስሱ ተለብጧል። ቤታችሁ ያለውን ለማወቅ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ወይም ጥቅልሉን አንሱና በእጃችሁ መዝኑት። አሉሚኒየም ክብደቱ የመዳብን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ትልቅ ጥቅልል ሆኖ እጅ ላይ ቅልል ካለ ነገር አለው። ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ደግሞ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ነው።

ይህ በድምፅ ላይ ምን ያመጣል? ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ 10 ሜትር ቢሆን ኤሌክትሪኩ ሄዶ ይመለሳልና መንገዱ 20 ሜትር ነው። ባለ 2.5 (ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ) የመዳብ ሽቦ በዚህ ርቀት 0.14 ኦም ገደማ ብቻ ይይዝበታል፤ ኦም ማለት ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ የሚታገድበት መጠን መለኪያ ነው። ያው ባለ 2.5 ግን አሉሚኒየሙ ከሆነ ከ0.2 ኦም ያልፋል። ባለ 0.5 የሆነችውን ቀጭን ሽቦ ብትዘረጉ፣ መዳብ ብትሆን እንኳ ወደ 0.7 ኦም ትደርሳለች። በሙያው የሚታወቀው ልክ ሽቦው ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ እንዳያልፍ ነው። ስፒከራችሁ ባለ 8 ኦም ከሆነ ጣሪያው 0.4 ነው፤ ባለ 4 ኦም ከሆነ 0.2 ብቻ። ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው የፋብሪካ ስፒከር ደግሞ ባለ 4 ነው። ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ እዩት። ከልኩ ሲያልፍ ድምፁ ይደክማል፣ ቤዙም ይልከሰከሳል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ሽቦው 2 ወይም 3 ሜትር ከሆነ በዚህና በዚያ ሽቦ መካከል ጆሮ የሚለየው ልዩነት የለም። «የኔ ዓመታት ሠርቷል፣ ምንም አልሆነም» ያላችሁኝ ደንበኞች ትክክል ናችሁ። ስለ ድምፅ ጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሽቦውን አስቀምጠን ለአጭር ርቀት ብቻ እንሸጠው ነበር።

የከበደኝ ጫፉ ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ ሽፋን ያወጣል፤ ሽፋኑ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መዳቡ የሚለበጠው አንድም ለዚህ ነበር። ነገር ግን ሽቦው ሲላጥ፣ ሲጠመዘዝና በብሎን ሲጠብቅ ልባጩ ይፋቃል። ከዚያ መዳብና አሉሚኒየም ተነካክተው ባሉበት እርጥበት ሲደርስ አሉሚኒየሙ ቶሎ ይበላል። የጣርማበርን ጉም ለናንተ አልነግርም። ከደብረ ሲና የመጡልን ሽቦዎች ጫፋቸው እንደ አመድ ሆኖ ሲረግፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እርጥበት ባይኖር እንኳ አሉሚኒየም ብሎን ሲጫነው ቀስ እያለ ይሸሻል። ዛሬ ያጠበቃችሁት ከወራት በኋላ ይላላል። ጸጉር የሚያካክሉት ክሮች ይሰበራሉ። አንዷ ክር ቀዩን ከጥቁሩ ጋር ካነካካች ሾርት ነው። መከላከያ የሌለው አምፕሊፋየር ከሆነ የመውጫው ትራንዚስተር ወይም አይሲ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ «ብር ፈልጎ ነው» ላላችሁኝ መልስ ልስጥ። ለኛ ከአሥር ሜትር ሽቦ ትርፍ አንድ የተቃጠለ አምፕሊፋየር መጠገን ይበልጣል። ርካሹን ሽቦ እየሸጥን፣ የተቃጠለውን እየጠገንን መኖር እንችል ነበር። በዚህ መንገድ ገበያ ባልጎደለብን። አንድ ሽማግሌ ደንበኛችን የወጣትነት ዘመናቸውን አምፕሊፋየር ይዘው መጥተው፣ ቤታቸው ሄደን ያየነው ያንኑ ሽቦ ነው። እትዬ ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ሲጠብቁን እኔ ስለ ሽቦው ምን ልበላቸው? ዕቃው ዳነ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያን ጥቅልል ማየት አስጠላኝ።

ሌላው ከዚህም የባሰ ነው። በሜትር ወስዳችሁ የተረፈውን ሽቦ ለመብራት ያዋላችሁ አላችሁ። ማከፋፈያ የሠራችሁበት አላችሁ። ምጣድ የሰካችሁበትም አጋጥሞናል። ባለ 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ቀጭን አሉሚኒየም ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ከፊታችሁ አያድርገው። አሁን የምንሸጠውም መዳብ ቢሆን የስፒከር ሽቦ ነው። ለመብራት የተሠራ ስላልሆነ እባካችሁ ለመብራት አታውሉት። ለመብራት የመብራት ሽቦ ግዙ፣ ከኛም ባይሆን።

ስለ ዋጋው። መዳብ በዓለም ገበያ በዶላር ነው የሚሸጠው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ አልተመለሰም። እኛ ደግሞ የምናመጣው ከመርካቶ ነው። ነጋዴው በአዲሱ ዋጋ ይሰጠናል፤ ጭነቱ ይጨምራል፤ መንገድ ሲዘጋ ዕቃው አዲስ አበባ ይቀመጣል፣ የኛ የሱቅ ኪራይ ግን አይቆምም። ኪራዩ ራሱ ስንት ጊዜ እንደተጨመረ ብነግራችሁ ደብዳቤው አያልቅም። በሜትር የምናተርፈው ከድሮው ያነሰ ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሐሰት አልጻፍኩም።

ከናንተ ውስጥ በተቃራኒው ያዘናችሁብንም አላችሁ። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ የነገሯችሁን ውድ ገመድ፣ በወርቅ የተለበጠውን፣ ቀስት የተሳለበትን፣ አስመጣልን ብላችሁ እምቢ ስላልን። ገንዘብ ይዛችሁ መጥታችሁ ነው እምቢ ያልነው፤ ይህንንም ብር ፈላጊ ላለን ሰው ንገሩልን። ወርቅ ጥሩነቱ አለመዛጉ ነው። ጫፍ ላይ ቢለበጥ ጠቃሚ ነው። ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ግን ከመዳብ ያንሳል፤ የሚበልጠው ብር የተባለው ማዕድን ነው፣ እሱም በጥቂቱ። «ኦክስጅን የሌለው መዳብ» የሚባለውም ከደህናው መዳብ የሚለየው በ1 በመቶ ገደማ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. «ስቴሪዮ ሪቪው» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሰዎች የትኛው ገመድ እንደተገጠመ ሳያውቁ እንዲያዳምጡ አድርጎ ነበር። በጣም ቀጭኑን ሽቦ ለዩት። ወፍራሙን ውድ ገመድ ግን ከተራው የመብራት ገመድ በሙዚቃ ሊለዩት አልቻሉም። ስለዚህ እኔ የምለው አጭር ነው፤ ንጹሕ መዳብ፣ በቂ ውፍረት፣ የጠበቀ ጫፍ። ከዚያ በላይ ያለውን ብር ኪሳችሁ አኑሩት።

ወይም ክፍሉ ላይ አውሉት። ብሎኬት ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ያለው ሳሎን ድምፁን እየመለሰ ያስተጋባል፤ ማሲንቆውም ክራሩም አንድ ላይ ይደበላለቃል። የትኛውም ገመድ ይህን አያድነውም። ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። የብርድ ልብስ አገር ነን፤ ከስፒከሮቹ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅላችሁ አዳምጡ። ስፒከሩን ከግድግዳው ጥግ ትንሽ አውጡት። ልዩነቱን ወዲያው ትሰሙታላችሁ፣ ለኛም አምስት ሳንቲም አትከፍሉም።

«እምምም» የሚል ጉምጉምታ አስቸግሯችሁ ድምፁን ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያስገባውን ቀይና ነጩን ገመድ ለመቀየር የምትመጡም ብዙ ናችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀሉትና አዳምጡ። ጉምጉምታው ከጠፋ ጥፋቱ የገመዳችሁ አይደለም፤ ዕቃዎቹ በሁለት መንገድ ከመሬት ጋር ስለተገናኙ የመብራቱ 50 ኸርዝ እየገባ ነው። ቴሌቪዥኑን፣ ሪሲቨሩንና አምፕሊፋየሩን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ቀይና ነጩን ገመድ ከመብራት ገመድ ጋር አጠላልፋችሁ አታስቀምጡ። የግድ ከተገናኙ ይሻገሩ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ። ይህም አልበቃ ካለ ያን ጊዜ ኑ፤ መከለያው ጥሩ የሆነ ገመድ አለን።

አሁን የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ወደ ሌላ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ኑልን። የስፒከራችሁን ኦምና የክፍላችሁን ርዝመት ይዛችሁ ኑ። ለ3 ሜትር ባለ 2.5 አያስፈልጋችሁም፤ ባለ 1.5 መዳብ ይበቃል፣ ዋጋውም ይቀላል። ቤት ያለውን አሮጌ ሽቦም አምጡት። መዳብ ሆኖ ከተገኘ አዲስ አንሸጥላችሁም፤ የጠቆረውን ጫፍ ቆርጠን፣ አዲስ ልጠን፣ አጥብቀን በነጻ እንመልስላችኋለን። ከጥቅልል መጨረሻ የሚተርፉ አጫጭር ቁራጮችን ለይተን አስቀምጠናል፤ በቅናሽ እንሰጣለን። ከካሴት ዘመን ጀምሮ ለምናውቃችሁ ደግሞ በአንድ ጊዜ መክፈል ከከበዳችሁ በሁለት ጊዜ ክፈሉ። መጻፍም አያስፈልግም፣ ቃላችሁ ይበቃናል።

ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት የምትመጡ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉልን። የምትፈልጉት ውፍረት መኖሩን አይተን እንነግራችኋለን፤ ቆርጠንም እናስቀምጥላችኋለን። ሱቁ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። የጥገና ዕቃ የምንቀበለው ግን እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የሱቁ ባለቤት
ደብረ ብርሃን