የጡረተኞች መንደር ሲሰፋ ነባሩ ነዋሪ አይረሳ

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ ጡረተኞች መኖሪያ መንደሮች መስፋፋት ያወጣችሁት ጽሑፍ ዕድገትን የለካው በቤቶች ብዛት ብቻ ነው። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተችው የጡረተኞች መንደር ሰን ሲቲ በጎልፍ ሜዳዋና በመዝናኛ ማዕከሏ ብዙ ጡረተኞችን ብትስብም፣ ሆስፒታል ያገኘችው ከ10 ዓመት በኋላ ነበር። በ60 ዓመቱ ቤት የገዛ ሰው 85 ሲሞላው መኪና መንዳት ሊያቆም፣ ደረጃ መውጣትም ሊከብደው ይችላል፣ ብዙ ጊዜም የትዳር ጓደኛውን አጥቶ ብቻውን ይቀራል፤ የገንቢው ትርፍ ግን ከአዲስ ቤት ሽያጭ ስለሚገኝ ትኩረቱ ከነባሩ ነዋሪ ይልቅ ወደ አዲሱ ገዢ ያዘነብላል። ይህ በእጅጉ ያሳስበኛል። ስለዚህ የማስፋፊያ ፈቃድ የሚሰጡ አካላት፣ በነባሩ ሰፈር ክሊኒክ፣ በር ድረስ የሚመጣ መጓጓዣና ደረጃ የሌለው መግቢያ መሟላቱን ቅድመ ሁኔታ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ።