ከበር ጀርባ የቆመው ክራንች ይፈለጋል

የዳሌዬ አጥንት ገጥሟል ተባልኩ። ራጁንም አሳዩኝ፤ እውነትም ገጥሟል። እኔ ግን ከአልጋው ጫፍ ተቀምጬ እግሬን መሬት ላይ መጣል አቃተኝ። ሕመሙ ሄዷል፣ ፍርሃቱ ግን ቀርቷል። ላብ አጠመቀኝ።

ዛሬ ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ። ይህን የምጽፈው ግን እኔን መልሶ ላቆመኝ የጋራ የፊዚዮቴራፒ መለማመጃ ክፍል ድጋፍ ለመጠየቅ ነው።

አንዴ የወደቀ ሰው መውደቅ ስለሚፈራ ብዙ አይንቀሳቀስም። ካልተንቀሳቀሰ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሚዛኑም ይዛባል። ያኔ የፈራው መውደቅ ይመጣል። ከዚህ አዙሪት "አይዞህ" ብቻውን አያወጣም፤ ስንቱ ጠያቂ "አይዞህ" ብሎኝ ሄዷል! እኔን ያወጣኝ ብወድቅ የሚይዘኝ ሰው ባለበት ቦታ ደጋግሜ መሞከሬ ነው። ሰው እግሩን የሚያምነው ራሱ ሲራመድ ካየው በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ክፍሉ ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን አድክሞታል። በሁለቱ የመደገፊያ ብረቶች መሀል ቆመው፣ ብረቱን በግራ እጃቸው ጣቶቻቸው እስኪነጡ ጨብጠውታል። ባለሙያዋ ከጎናቸው ሆና በወገባቸው የታሰረውን ቀበቶ ይዛለች፤ ግን አትጎትትም። ሦስት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ብረቱን ለቀቁ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። መልሰው ያዙና "አያችሁኝ?" አሉ። ሁላችንም አይተናል።

ችግሩ እንዲህ ያለው ጥንድ ብረት ያለን አንድ ብቻ ነው። እሳቸው ሲለማመዱ አምስት ሰው ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል። ለመራመድ የመጣ ሰው ቀኑን ተቀምጦ ሲያሳልፍ ማየት ያሳዝናል። ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የተሃድሶ ሕክምና ሊጠቅመው የሚችል የጤና ችግር ያለበት ሰው በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ገደማ እንደሆነ ይገምታል።

ሁለተኛ ጥንድ የመደገፊያ ብረት ያስፈልገናል። ከሁሉ በፊት ግን የመለማመጃ ደረጃ እንፈልጋለን፤ በግራም በቀኝም መያዣ ያለው፣ ሦስት አራት እርከን ብቻ። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው። ይህን በቃል ማጥናት ቀላል ነው። ከላይ ቆሞ ወደ ታች እያዩ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ታካሚ ደረጃን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው ቤቱ ሲገባ ነው፤ ያኔ አጠገቡ ባለሙያ የለም። ስለዚህ የሚገኘው ገንዘብ መጀመሪያ የሚውለው ለደረጃው ነው። እንጨት ሥራ የምትችሉ ካላችሁ ደግሞ እጃችሁን እንፈልገዋለን።

ሌላው ልመናዬ ገንዘብ አይጠይቅም። ስትድኑ ክራንቹን የት አደረጋችሁት? ከበር ጀርባ ነው አይደል? ዎከሩስ፣ ያ በሁለት እጅ የሚያዘው ባለ አራት እግር መደገፊያ? እባካችሁ አምጡልን። ታካሚዎች እየተዋሱ ወደ ቤት የሚወስዱት ዕቃ እያሰባሰብን ነው። ከፍታው የሚስተካከል ቢሆን ይመረጣል። ሰውየው ቀጥ ብሎ እጁን ወደ ታች ሲለቅ መያዣው የእጁ አንጓ ጋ መድረስ አለበት። ካጠረ ያጎብጠዋል። ከታች ያለው ጎማ አልቆም ከሆነ ችግር የለም፣ እኛ እንቀይረዋለን፤ የተላጠ ጎማ እርጥብ ወለል ላይ ስለሚያንሸራትት እንዲሁ አንሰጥም።

ገንዘብ ስትሰጡ ደረሰኝ ተቀበሉ። የገባውና የወጣው በየወሩ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ገንዘብም ዕቃም ከሌላችሁ አንድ ከሰዓት ስጡን። ሰው ማንሳትና መደገፍ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እናንተ ሰዓት ትይዛላችሁ። ታካሚው ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ይሄዳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ይቀመጣል። ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ትጽፋላችሁ። ቁጥሩ ከባለፈው ሲቀንስ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ እዚያው ሆናችሁ ታዩታላችሁ።

እኚያ እናት የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመጡ ቁጥር ገና ሳይቀመጡ "ደረጃው መጣ?" ብለው ይጠይቃሉ።