ቅዳሜ ላፕቶፕ እናስተኛለን

ሰላም የግሩፑ አባላት፣

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት አራት ኪሎ፣ ባለፈው በተገናኘንበት ካፌ ፎቅ ላይ እንገናኝ። ሥራችን አንድ ነው፦ ክዳኑ ሲዘጋ የማይተኛውን ወይም ተኝቶ የማይነቃውን የሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሥርዓተ ክወና) ላፕቶፕ ማስተካከል። የእኔው ራሱ ባለፈው ሳምንት ቦርሳ ውስጥ ሲግል ውሎ ባትሪውን ጨርሶ ጠበቀኝ።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዴስክቶፑ (ስክሪኑ ላይ የምናየው ገጽታ) ሳይሆን ከሥሩ ያሉት ፓኬጆች (ፕሮግራሞች) ነው። ክዳን ሲዘጋ ማሽኑን የሚያስተኛው የሲስተምዲው (ሊኑክስ ሲነሳ ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ሎግአይንዲ ነው። ያለ ሲስተምዲ የምትሠሩ በእሱ ፋንታ ኢሎግአይንዲ መጫኑን እዩ። የባትሪውን መጠን ለዴስክቶፑ የሚነግረው ደግሞ ዩፓወር ነው። የኃይል አጠቃቀምን የሚቆጣጠሩት ቲኤልፒ እና ፓወር ፕሮፋይልስ ዴመን አንድ ላይ ከሠሩ ይጋጫሉ፤ አንዱን ምረጡ። እኔ ለቲኤልፒ አደላለሁ፣ ክርክሩን ለቅዳሜ እናቆየው። ሃይበርኔት (የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ማሽኑን ማጥፋት) የምትፈልጉ ዲስክ ላይ ስዋፕ (ለራም ማገዣ የሚሆን ቦታ) ይኑራችሁ። ዚራም የሚባለው ስዋፕ ብቻውን አይሆንም፤ ራም ውስጥ ስለሚቀመጥ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ ለሚጠፋበት ሰው ይቺ ትልቅ ነገር ናት።

ቻርጀር አትርሱ። ማከፋፈያ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ካፌው ያለው ሶኬት ሁለት ብቻ ነው። ባክአፕ ቤት ጨርሳችሁ ኑ፤ እዚያ ፋይል ስንገለብጥ አናመሽም።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ የላፕቶፑን ሞዴልና የዲስትሮውን (የሊኑክሱን ዓይነት) ስም እዚሁ ጻፉ፣ ወንበር ልያዝ። እሁድ የሚሻለው ካለ አሁኑኑ ይናገር።