ያኔ የነገርሽኝ ነገር

እህት ዓለም፣ እንደምነሽ? እማማ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ስምንት ዓመት ሙሉ ጠፍታ ጠፍታ ዛሬ ከየት ተገኘች ትይ ይሆናል፣ ልክ ነሽ። ስራ፣ ልጅ፣ የሰዓት ልዩነት ምናምን ማለት እችል ነበር ግን እኛ ጋ ማታ ሲሆን እናንተ ጋ ጠዋት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እንዳልደውል ደግሞ ስልክ ላይ አለቅሳለሁ፣ ስለዚህ ልጻፍ።

ትልቋ ልጄ 16 ሞላት፣ አንቺ በቪዲዮ ስታያት የፊት ጥርሷ ወልቆ የነበረው። አምና ቦይፍሬንድ ያዘች። እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ የሀበሻ ልጅ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል፣ ባሌን ጋሼ የሚል፣ እውነቱን ልንገርሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ነገር ምን መሰለሽ፣ ፓወር ባንክ። ወተት ልንገዛ ለሃያ ደቂቃ ስንወጣ እንኳን ትይዘዋለች። የስልክ ሱስ ነው ብዬ ስንቴ እንደጮህኩባት። ለካ ባትሪዋ ከሞተ እሱ በስልኩ የሚከታተለው ሎኬሽኗ ይጠፋል፣ ሎኬሽኗ ከጠፋ ደግሞ የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ፣ ሆን ብለሽ ነው ያጠፋሽው፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት። የስናፕቻት ፓስወርዷም እሱ ጋ ነው። ከመዘምራን ቀርታ ነበር፣ ጥናት በዛብኝ ብላኝ አመንኳት፣ እሱም ለካ እዛ ያሉት ወንዶች ስላልተመቹት ነው።

አንድ እሁድ ዶሮ ሰርቼ ልንበላ ስንል ስልኳ ነዘረ፣ አየችውና ገበታውን ፎቶ አነሳች። እኔ ሞኟ ለኢንስታግራም መስሎኝ ቆይ እንቁላሉ ይታይ ብዬ አስተካከልኩላት። ከዛ ድጋሚ አነሳች፣ አሁን የኔ እጅ፣ የአባቷ እጅ፣ የወንድሟ እጅ እንዲታይ አድርጋ። የማን እጅ እንደሆነ አንድ በአንድ ጽፋ ላከችለት እኮ! ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።

ያኔ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። አስራ አንደኛ ክፍል፣ በየቀኑ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ልጅ፣ ሴቱ ሁሉ ታድላ ሲል አንቺ ብቻ «እሱ የሚጠብቅሽ እንደ ዘበኛ ነው» አልሽኝ። ሎኬሽን የለ ምን የለ፣ ግን የቤታችን ስልክ ጠርቶ እኔ ሳነሳው ከተዘጋ እሱ ነው፣ ቤት መግባቴን ሊያጣራ። መጀመሪያ ቀሚሴ፣ ከዛ ላይብረሪ ከማን ጋር እንደማጠና፣ ከዛ አንቺ። ያቺ ጓደኛሽ አትመቸኝም አለኝ፣ እኔም መረጥኩ። ያውቃታል እኮ ሰው ማንን መጀመሪያ ማራቅ እንዳለበት!

እጁን ግን አላነሳባትም፣ የኔም አላነሳብኝም። ይሄ ነው የሚያሳስተው። የኛ ሰው መታሽ እንዴ ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ካልመታ ቀናተኛ ስለሆነ ነው፣ ስለሚወድሽ ነው ብሎ ይዘጋዋል።

የትምህርት ቤቷ ካውንስለር ጋ ሄጄ ስልኳን ልቀማት ወይ አልኳት። ከቀማሻት ስልኳ ላይ የምታዙባት ሁለት ትሆናላችሁ፣ ከዛ በኋላ ምንም አትነግርሽም አለችኝ። ሎኬሽኑንም በድንገት እንዳታጠፉት፣ እንዲህ ያለ ሰው ይበልጥ የሚያስፈራው ቁጥጥሩ ከእጁ ሲወጣ ነው፣ መጀመሪያ ማን እንደሚያደርሳት ማን እንደሚያመጣት አስቡ፣ ቴክስቱንም ስክሪንሾት እያነሳችሁ አስቀምጡ አለች። ከተለየሽኝ ራሴን አጠፋለሁ ማለቱን ስነግራት ደግሞ ልጁም እርዳታ ያስፈልገዋል፣ ረዳቱ ግን የ16 ዓመት ልጅ መሆን የለባትም፣ ለወላጆቹ ንገሩ፣ ራሴን አጠፋለሁ ለሚል ሰው እርዳታ የሚሰጠው የአሜሪካ መስመር 988 ላይ ደውሉ አለችኝ። ላቭ ኢዝ ሪስፔክት የሚባል፣ የፍቅር ጓደኛቸው ለሚያስቸግራቸው ወጣቶች የተቋቋመ የአሜሪካ የስልክ መስመርም አለ፣ 1-866-331-9474፣ ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት፣ እናትም ትደውላለች፣ እኔ ራሴ መኪና ውስጥ ሆኜ ደውያለሁ። ቨርጂኒያ ያለችው ያክስትሽ ልጅ ሴቶች ልጆች አሏት አይደል፣ ስጫት።

ቅዳሜ ቡና ሳፈላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለሱ አንድም ቃል ሳልናገር የራሴን ነገርኳት፣ በሩን፣ ስልኩን፣ ቀሚሱን፣ ሁሉንም። ማንም አልነገረሽም? አለችኝ። ጓደኛዬ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ግን ዘጋኋት አልኳት። ጀበናውን እያየች ቆየችና «ሶሪ ብለሻታል?» አለችኝ።

አላልኩሽም። በኋላ ሰላም ተባባልን፣ ሰርጌ ላይ ሚዜዬ ሆንሽ፣ ግን አንድ ቀን እንኳን አንስቼው አላውቅም። ይቅር በይኝ።

ገና አልተለያዩም። ቅዳሜ ግን ስልኳ ሳሎን ቻርጅ ላይ ሆኖ እስከ ቶና አብራኝ ቆየች፣ በረካው ሲቀዳ ነው የተነሳችው።

ቁጥሬ ያው ነው።