ከአፑ በፊት መዝገቡ ይቅደም፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ሥራውስ? እኔና አባትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐዋሳ ዝናቡ በርትቷል፤ ከዚያ በቀር የምንለው የለም።

ለጂምሽ ሊሠራ የታሰበውን የኦንላይን ፕላትፎርም ፕሮፖዛል ከላክሽልኝ ወዲህ ደጋግሜ አነበብኩት። ሶፍትዌሩን የሚጽፈው ዴቨሎፐር ልጅ ሙያውን የሚያውቅ ይመስላል፤ አጻጻፉም ጥርት ያለ ነው። አባላት የሚመዘገቡበት፣ ክላስ የሚይዙበት፣ ቪዲዮ የሚያዩበት፣ የበሉትን የሚጽፉበት፣ እርስ በርስ የሚወዳደሩበት፣ ለአንድሮይድም ለአይፎንም የሚሆን አፕ፣ ሁሉም አለበት። ያሳሰበኝ ገጽ በገጽ ሳገላብጥ የአንቺን ጂም እውስጡ ማጣቴ ነው። ስሙን ብቻ ቀይረው ናይሮቢ ወይም ለንደን ላለ ጂም ቢሰጡት ያው ይሄዳል። እንዲያ ከሆነ ይህን ሁሉ ብር ከስክሶ ማሠራቱ ለምን አስፈለገ? እንደ ማይንድቦዲ ያሉ ከሃያ ዓመት በላይ ይህንኑ ሲሠሩ የኖሩ ድርጅቶች የተዘጋጀውን በወር ያከራያሉ።

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። በልክሽ የምታሠሪው የተዘጋጀው ሶፍትዌር የማያውቀውን ብቻ ይሁን፤ ሴቶችሽ እንዴት እንደሚከፍሉ፣ መቼ እንደሚጾሙ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እንዴት እንደሚቆጥሩ፣ የትኛውን ገመናቸውን አምነው እንደሚሰጡሽ። የቀረውን ተከራዪው።

ባለፈው አንቺ ዘንድ ስመጣ ሪሴፕሽኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም። የጠዋቱ 12 ሰዓት ክላስ ሊጀመር ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባሉ። ልጅቷ ፊት ያ ሰማያዊ ደብተር ተዘርግቷል፤ ስም፣ የተከፈለበት ቀን፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ቀሪ 500»። አንዷ ስልኳን ታቀብላታለች፣ የቴሌብር ስክሪንሾት ነው። ልጅቷ በሁለት ጣቷ አስፍታ ቀኑን ትፈልጋለች። ከኋላ ያለችው «ትናንት በቴሌግራም ልኬልሽ የለ እንዴ?» ትላለች። ስክሪንሾቱ የዚህ ወር ይሁን ያለፈው፣ የራሷ ይሁን የእህቷ፣ በዚያች ደቂቃ የሚያረጋግጥ ማንም የለም። ቤቱ የቆመው ያቺ ልጅ ጎበዝ ስለሆነችና ፊት ስለማትረሳ ነው። እሷ የታመመች ቀን ምን ይሆናል?

እንግዲህ ሥራው ከዚያ ጠረጴዛ ይጀምር እላለሁ። ባንክ ቤት የኖርኩት ከእጅ ሌጀር ወደ ኮምፒውተር በተዛወርንበት ዘመን ስለሆነ፣ መዝገብ ሲጠራ ሌላው ሁሉ እንዴት እንደሚቀል አይቻለሁ።

ክፍያ በስክሪንሾት አይረጋገጥ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ከነጋዴ ሲስተም ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ቻፓን የመሰሉ የክፍያ አገናኞችም ቴሌብሩንና ባንኮቹን በአንድ በር ያስገቡልሻል። አባሏ ስትከፍል የክፍያ ድርጅቱ ራሱ ለአንቺ ሰርቨር፣ ማለትም ሲስተምሽ ለሚሠራበት ኮምፒውተር፣ «ይህን ያህል ብር፣ በዚህ የግብይት ቁጥር ገብቷል» ብሎ ያሳውቃል። ልጁ ዌብሁክ ያለው ይሄንን ነው፣ ጥሩም አስቧል። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ ጠይቂልኝ። መልእክቱ በእርግጥ ከክፍያ ድርጅቱ የመጣ መሆኑን ሲስተሙ መልሶ ጠይቆ ያረጋግጣል ወይ? ያንኑ መልእክት ሁለቴ ቢያገኘውስ? ኔትወርክ ሲቆራረጥ ላኪው መድረሱን ካላወቀ ደግሞ ይልካል። ስለዚህ አንድ የግብይት ቁጥር አንዴ ከተመዘገበ ዳግመኛ እንዳይገባ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ራሱ መከልከል አለበት፤ አለዚያ የአንድ ወር የከፈለችው የሁለት ወር ይቆጠርላታል፣ ወሩ ሲዘጋ ሒሳቡ አልገጥም ይልሻል፣ የት እንደተበላሸም አታገኚውም።

«አድሚን ክፍያን ማስተካከልና መሰረዝ ይችላል» የሚለውን መስመር አስምሬበታለሁ። መሰረዝ የሚለው ይውጣ። የገንዘብ መዝገብ አይፋቅም፤ ስህተት ከተገኘ በተቃራኒ ምዝገባ ይታረማል፣ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳረመውም አብሮ ይጻፋል። ይህን የምለው ሪሴፕሽን ያለችውን ልጅ ጠርጥሬ አይደለም። ብር የጎደለ ዕለት ንጹሕነቷን የሚመሰክርላት ይኸው መዝገብ ነው።

ወደ ቀኑ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ፕሮፖዛሉ አንድም ቃል የለውም። አንዲት ሴት ነሐሴ 20 የአንድ ወር ከፈለች እንበል። ሲስተሙ 30 ቀን ቆጥሮ ከሄደ መስከረም 15 ያልቅባታል፤ ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14። እሷ በልቧ የያዘችው ግን መስከረም 20 ነው፣ ከ20 እስከ 20። በር ላይ «አልቆብሻል» ስትባል ጠብ ነው። ጳጉሜን ትሰጫታለሽ ወይስ ትቆጥሪባታለሽ? ለእኔ ብትተዪው እንድትሰጫት እመርጣለሁ፤ በበዓል ሰሞን የአምስት ቀን ስጦታ ደንበኛ ያስደስታል። ውሳኔው ግን የአንቺ ነው፣ ለዴቨሎፐሩ ግምት አይተውም። በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ቀን ስለሆነች ያን ዓመት አስገብቶ ይሞክረው። ዳታቤዙ ውስጥ ቀኑ በፈረንጅ ቢቀመጥ ግድ የለኝም፤ አባሏ የምታየው ግን በእኛ አቆጣጠር ይሁን፣ የፈለገች ወደ ሌላው ትቀይረው።

ሰዓቱም እንዲሁ። «12:00» ብቻ ተጽፎ ካየች ጠዋት ነው ማታ? በኛ ነው በፈረንጅ? ሁልጊዜ «ጠዋት 12 ሰዓት» ተብሎ በቃል ይጻፍ። በዙም ለሚከታተሉሽ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሴቶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እኛ ሰዓታችንን አንነካካም፣ እነሱ ግን በማርችና በኖቬምበር ይለውጣሉ። ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት የምትሰጪው ክላስ በበጋቸው ከረፋዱ 11 ሰዓት ላይ ይውላል፣ በክረምታቸው 10 ሰዓት ላይ፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ልዩነቱ አንዴ 7 አንዴ 8 ሰዓት ስለሆነ «7 ሰዓት ቀንስ» ተብሎ ኮዱ ውስጥ ከተጻፈ ኖቬምበር ላይ ሁሉም አንድ ሰዓት ዘግይተው ይገቡና ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይጠብቁሻል። የየከተማውን የሰዓት ክልል ተከትሎ ራሱ እንዲያሰላ ይደረግ።

ጾሙን አትርሺ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ያኔ ስንቷ እንደምትቀር አንቺ ታውቂያለሽ። ሙስሊሞቹ ደግሞ በረመዳን ከኢፍጧር በኋላ የሚሆን ሰዓት ይጠይቁሻል። አሁን ሁሉም በቃል ነው፣ «ለኔ ያዥልኝ፣ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ» ትልሻለች፣ ደብተሩ ላይ ኮከብ ታደርጊባታለሽ። ፕላትፎርሙ ላይ አባሏ ራሷ ከስልኳ አባልነቷን ፍሪዝ የምታደርግበት፣ ማለትም ለጊዜው የምታቆምበት፣ ቁልፍ ይኑር፣ በዓመት እስከ ስንት ቀን እንደሚፈቀድም አስቀድሞ ይታወቅ። በእኔ ግምት ከቪዲዮው ሁሉ ይልቅ ሴቶቹን ከአንቺ ጋር የሚያቆያቸው ይህች ቁልፍ ናት፤ ገንዘቧ እንዳልተበላ ያወቀች ሴት ከበዓል በኋላ ተመልሳ ትመጣለች።

መግቢያው በስልክ ቁጥርና በኤስኤምኤስ በሚመጣ ኮድ ይሁን። ኢሜይል የግድ ካልሽ ግማሾቹ የልጃቸውን ኢሜይል ይሰጡሻል፣ ፓስወርዱንም በማግስቱ ይረሱታል። የስም ቦታው የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ተብሎ ይከፈል። ፍለጋውን ደግሞ በፀሐይ ይሞክረው፤ አንዷ «ፀሐይ» ብላ ተመዝግባ ሪሴፕሽኗ «ጸሀይ» ብላ ስትፈልጋት ካልወጣች ሲስተሙ ለአማርኛ አልተሠራም ማለት ነው። በድምፅ አንድ የሆኑትን ፊደላት ለፍለጋ ሲባል ወደ አንድ ማምጣት ለዴቨሎፐር ቀላል ሥራ ነው፣ ካልጠየቅሽው ግን ትዝ አይለውም።

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ በሩ እንዳይዘጋ የዕለቱ አባላት ዝርዝር ሪሴፕሽኑ ታብሌት ላይ ተቀምጦ ይደር። ኔትወርኩ ሲመለስ መግቢያውን ራሱ ያስተላልፋል።

ስለ ቪዲዮው ብዙ አልልም። ቪዲዮ የሚያስተላልፍ ሰርቨር ራስሽ እንዳታሠሪ። ቪዲዮው በአጫጭር ቁርጥራጭ ተከፍሎ በተለያየ ጥራት ይቀመጣል፣ ስልኩ ኔትወርኩን እያየ ዝቅ ወይም ከፍ ያለውን ይመርጣል፤ ይህን በኪራይ የሚሠሩልሽ አሉ። ፓኬጅ የምታብቃቃ ሴት ግን ዝቅተኛውን ጥራት ራሷ መምረጥ ትቻል። አፑም ይቆይ። በስልክ የሚከፈት ጥሩ ዌብሳይት ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል፤ አፕል በአይፎን አፕ ውስጥ ከሚሸጥ ዲጂታል አገልግሎት በአብዛኛው ከ15 እስከ 30 በመቶ እንደሚወስድም እወቂ።

አሁን ልቤን ወደ ያዘው ነገር ልምጣ። ፕሮፖዛሉ ላይ አባላት ፎቷቸውን «በፊት እና በኋላ» ብለው ያስገባሉ፣ ኪሎና ወገባቸውን ይመዘግባሉ፣ ብዙ የቀነሰች በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆና ትወጣለች ይላል። ልጄ፣ ይህን ሰንጠረዥ አውጪው። ወልዳ የመጣች፣ የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስድ፣ ልጅ ፈልጋ በሕክምና ላይ ያለች ሴት ኪሎዋ ለሰው የሚለጠፍ አይደለም። ማበረታታት ከፈለግሽ የመጡበትን ቀንና የተንቀሳቀሱበትን ደቂቃ ቁጠሪላቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። ይህን እያንዳንዷ በራሷ ገጽ ላይ ትየው፣ ከራሷ ጋር ትወዳደር።

የጤና ጥያቄዎቹ መኖራቸውን ግን ወድጄዋለሁ፣ እንዲያውም ወደፊት ይምጡ። ፓር-ኪው የሚሉት ሰባት ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ አለ፤ የልብ ችግር አለብሽ ተብለሽ ታውቂያለሽ? ስትንቀሳቀሺ ደረትሽን ያምሻል? የሚያዞርሽ ነገር አለ? እያለ ይጠይቃል። አንዱን እንኳ «አዎ» ያለች ሐኪም ሳታማክር ከባድ ክላስ መያዝ እንዳትችል ይደረግ። መልሷን አሰልጣኟ ብቻ ትየው። ሪሴፕሽን ያለችው ከፍላለች አልከፈለችም የሚለውን ታይ፣ ኪሎውን አትይ፤ አሰልጣኟም የክፍያውን አትይ። ዴቨሎፐሩ ራሱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የእውነተኛ አባላትን ፎቶ የሚያይበት ምክንያት የለም።

ይሄ የኔ ጭንቀት ብቻ አይደለም፣ ሕግም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃንም ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ጋር ይቆጥረዋል። የሰውን መረጃ ስትሰበስቢ ለምን እንደሆነ ተናግረሽ፣ አስፈቅደሽ ነው። ትልልቆቹ እንኳ ተደፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ማይፊትነስፓል የሚባለው የበሉትን መመዝገቢያ አፕ ላይ የ150 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ኢሜይልና የተመሰጠረ ፓስወርድ ወጣ። በ2021 ደግሞ የቤት ውስጥ ስፖርት ብስክሌትና ክላስ የሚሸጠው ፔሎተን አካውንታቸውን ዝግ ያደረጉ ሰዎችን ዕድሜና ከተማ ሳይቀር ለማንም ጠያቂ ይሰጥ እንደነበር የደኅንነት ባለሙያዎች ደረሱበት። ስለዚህ የማያስፈልግሽን ከመጀመሪያው አትሰብስቢ። ፎቶው የግድ ነው የምትል ሴት ስልኳ ላይ ታስቀምጠው።

ውሉን በተመለከተ፣ ሳትፈርሚ በፊት ለአጎትሽ አሳዪው፤ ጠበቃ ቤታችን እያለ ለምን በባዶ እጅሽ ትገቢያለሽ? ዶሜይኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ)፣ የሰርቨሩ አካውንትና የክፍያ አገናኙ አካውንት በአንቺ ስምና ስልክ ይከፈቱ። ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ልጁ የጻፈው ፕሮግራም፣ የአንቺ መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር፣ በየምዕራፉም ያስረክብሽ። ልጁ ነገ ጥሩ ሥራ አግኝቶ ውጭ ቢሄድ ደስ ይበለን፣ የአንቺ ቤት ግን በእሱ ሻንጣ ውስጥ አይሂድ። የአባላቱ ዝርዝርና የክፍያው መዝገብ በየሳምንቱ በኤክሴል ይውጣልሽ። ባክአፕ (የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ) አለ ሲልሽ «አሳየኝ» በዪው፤ ከባክአፑ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስነስቶ ካላሳየሽ እንዳለ አትቁጠሪው። ክፍያውንም በአራት ከፋፍዪው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ምዝገባ፣ ክፍያ፣ ፍሪዝና የበር መግቢያ ብቻ ይሁን። ያ አንድ ወር ሙሉ ከሰማያዊው ደብተር ጎን ለጎን ይሠራ፣ ማታ ማታ ሁለቱ ይመሳከሩ። ልዩነት ሳይኖር ወሩ ሲያልቅ ቀጣዩን ክፈዪው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ልቤ ስላልተቀበለው አይደለም። ሴቶቹ ከሥራና ከልጅ ማሳደግ ተርፈው ለገላቸው አንድ ሰዓት የሚያገኙበትን ቤት ከምንም ተነስተሽ አቁመሻል፣ እኔም አባትሽም እንኮራብሻለን። ይህም እንደሚሳካልሽ አልጠራጠርም።

ያሰመርኩበትን ፕሮፖዛል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ከልጁ ጋር የምትቀመጡበትን ቀን ቀደም ብለሽ ደውዪልኝ፣ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ሪሴፕሽን ያለችውንም ልጅ ስብሰባው ላይ አስገቢያት፤ ከሁላችንም በላይ ሥራውን የምታውቀው እሷ ናት።

የምትወድሽ እናትሽ